የእትዬ ግራ ዓይን

የሰው ዓይን ነጩ ምን ያህል ነጭ ነው?

ጥያቄው የእኔ አይደለም። የጠየቁኝ ሰው ሠራሽ ዓይን የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ስድስት ዓመት ፎቶግራፍ በተማርኩበት ሩቅ ከተማ፣ ከትምህርት ቤታችን ጀርባ ባለች ጠባብ ወርክሾፕ ውስጥ ይህን ሥራ ሲሠሩ አርባ ዓመት አልፏቸዋል። ተማሪ ሳለሁ ለመመረቂያዬ ሥራቸውን ፎቶ አንስቼ ነበርና እንዋደድ ነበር። ለታላቅ እህቴ ለእትዬ ዓይን እንዲሠሩላት በመልእክት ስለምናቸው «እሺ» አሉና ይቺን ጥያቄ አስከተሉ። ምን ብዬ ልመልስ? በደፈናው ነጭ ነው እንዳልላቸው፣ የእትዬን ደህናውን ዓይን ትኩር ብዬ ባየሁት ቁጥር ነጩ ሌላ ይሆንብኛል፤ ጠዋት ወተት ይመስለኛል፣ ከሰዓት በኋላ አሮጌ ወረቀት።

እትዬ የሒሳብ አስተማሪ ናት። ግራ ዓይኗን አምና በኢንፌክሽን አጣች። ከዚያ ወዲህ ጥቁር መነጽር ቤት ውስጥ እንኳ ካልለመንኳት ከፊቷ አይወርድም፤ ክፍል የሚባል ነገር ረግጣ አታውቅም። ዳይሬክተሩ ሲታገሣት ከርሞ፣ አዲሱ ተርም ሲከፈት ካልተመለሰች ቦታዋን ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ነግሯታል።

«መነጽርሽን አድርገሽ ብታስተምሪስ?» አልኳት አንድ ቀን።

«ስድሳ ልጅ ይዤ? ማንን እያየሁ እንደሆነ ካላወቁ ማን ጸጥ ይላል? የእኔ ዱላ ዓይኔ ነው።»

ሰፈራችን ያለው ክሊኒክ ዝግጁ ዓይን አያጣም፤ በካርቶን ተደርድሮ ተቀምጧል። ስትሞክር ውላ መጣችና «የሸሚዝ ቁልፍ ነው እኮ ያስመረጡኝ» ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። ለሽማግሌው የጻፍኩት ያኔ ነው። ክሊኒኩ የዓይኗን ጉድጓድ ቅርጽ ወስዶ በፖስታ ላከላቸው። የቀረው ቀለሙ ነበር፤ እሱ የእኔ ድርሻ ሆነ።

ካሜራ እንደምናስበው ታማኝ አይደለም። የግድግዳው ቢጫ ፊት ላይ ያርፋል፣ የመጋረጃው አረንጓዴ ጉንጭ ላይ ይጋባል። ለዚህ ነው የቀለም ካርድ የምንይዘው። የእኔ የደብተር ግማሽ ያህላል፤ በትንንሽ አራት ማዕዘኖች ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ እያለ ይሄድና ታች ከነጭ ጀምሮ በግራጫ በኩል እስከ ጥቁር ይወርዳል። የሚነሳው ሰው ካርዱን ፊቱ አጠገብ ይይዛል። በኋላ ኮምፒውተሩ ላይ ግራጫዋን እጠቁምና «ይቺ ግራጫ ናት» እለዋለሁ፤ እሷ ስትስተካከል ሌላው ቀለም ሁሉ ተከትሏት ይስተካከላል። ከተመለስኩ ጀምሮ የማልጠራጠረው ነገር የለም፦ መመለሴን፣ የተማርኩትን፣ እዚህ ለማን እንደምበጅ። ካርዴን ግን ጠርጥሬው አላውቅም።

እትዬን መስኮቱ አጠገብ አስቀመጥኳት። መነጽሯን አወለቀች፤ ካርዱን አገጯ ሥር ያዘች።

«እንደ እስረኛ ነው እኮ ያደረግኸኝ! ቁጥሬ ስንት ነው?»

«ዝም በይ፣ ዓይንሽ ይንቀሳቀሳል።»

እማዬ በሩ ላይ ቆማ ታየናለች። «አፍንጫዋን እንዳታሰፋው» አለችኝ።

«አፍንጫዋን አልፈልገውም፣ እማዬ። ዓይኗን ብቻ ነው የምፈልገው።»

«ታዲያ ጸጉሯን ስታበጥር ለምን ዝም አልካት?»

በዚያው ቀን ፎቶውን አስተካክዬ ላክሁ። ነጩ ምን ያህል ነጭ እንደሆነ ካርዱ ይመልስላቸው ብዬ እኔ አረፍኩ።

ዓይኑ ከወር በኋላ በጥጥ ተጠቅልሎ መጣ። ክሊኒኩ ገጠመላትና ቤት ስትገባ ሦስታችንም መስኮቱ ጋ ሄድን። ልኩ ልክ ነው። ስትዞር አብሮ ይዞራል። ቡናማውም ቢሆን ብዙ አያስነቅፍም። ነጩ ግን ሰማያዊ ነገር አለበት፤ የአራስ ልጅ ዓይን ይመስላል። ከቀኙ ጋር ጎን ለጎን ሲታይ የሁለት ሰው ነው።

እትዬ መስተዋቱን አቅርባ፣ አርቃ፣ እንደገና አቅርባ አየች። «በግራ ሃያ ዓመቴ ነው፣ በቀኝ አርባ አራት» አለች። «የትኛዋን ነው የምትድሩት?»

እማዬ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። እትዬ መነጽሯን መልሳ አደረገችና ወደ ኩሽና ገባች፤ የቧንቧው ውኃ ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ሰማሁ።

ወዲያውኑ ስልኬን አንስቼ ለሽማግሌው ጻፍኩ። ነጩ ሰማያዊ ሆኗል፣ ካርዱ ፎቶው ላይ እያለ እንዴት ይሳሳታሉ አልኳቸው። እዚያ ላይ ብቆም ጥሩ ነበር። «ምናልባት ዓይንዎ ደክሞ ይሆናል» ብዬ ጨመርኩበት።

መልሳቸው ከአንድ ሰዓት በኋላ መጣ፦ «የሠራሁት በላክልኝ ልክ ነው። ካርድህን ከሌላ ካርድ ጋር አስተያየው።»

ሻንጣዬ ኪስ ውስጥ ከነማሸጊያው የተቀመጠ ሌላ ካርድ ነበረኝ። እልህ ይዞኝ ማሸጊያውን ቀደድኩና ሁለቱን ካርዶች መስኮቱ ላይ ጎን ለጎን አደረግኋቸው። የምተማመንበት ካርድ ግራጫው ሻይ የፈሰሰበት መስሏል። ኮምፒውተሩን ቢጫ ነገር እያሳየሁ «ይቺ ግራጫ ናት» ብዬዋለሁ፤ እሱም ታዞ ቢጫውን ሲያጠፋ ፎቶው በሙሉ ወደ ሰማያዊ ሄዷል፣ የእትዬም ዓይን አብሮ።

«ይሄ ካርድ ምን ነካው?» አልኩ፣ ለራሴ ነበር።

«ውይ፣ እሱ!» አለች እማዬ ከኋላዬ። ፊቷ በርቷል። «ቆሽሾ ሳየው እህትህ እንዴት እሱን ይዛ ትነሳለች ብዬ በዋዜማው በበረኪና አሸሁልህ። ፀሐይ ላይም አሰጣሁት። ጥቁሩ ነው እምቢ ያለኝ፤ ዘፍዝፌው እንኳ አልለቅ አለ።»

እትዬ የኩሽናው በር ላይ እጇን እያደረቀች ቆማለች። መነጽሯን ትንሽ ዝቅ አድርጋ በቀኝ ዓይኗ አየችኝ። ዱላ ያለችው ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

«እጅሽ ይባረክ፣ እማዬ» አልኩ።

እማዬ ወደ ጓሮ ስትወጣ እትዬ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «አንዲት ቃል ትተነፍስና! ዕድሜ ልኳን ራሷን ስትበላ ነው የምትኖረው።»

«አልናገርም። ዓይኑስ ግን? ሰኞ ነው እኮ ትምህርት የሚከፈተው።»

«ደግመህ አንሳኝና ላክላቸው።»

«ቢፈጥን አንድ ወር ነው።»

መነጽሯን አውልቃ እጀታውን ስታጥፍ፣ ስትዘረጋ ቆየች። «ዳይሬክተሩ አንድ ወር አይጠብቀኝም» አለች በመጨረሻ። «በዚሁ እገባለሁ።»

በአዲሱ ካርድ ደግሜ አነሳኋት። አሁን ነጩ ትንሽ ቢጫ፣ ጥግ ጥጉን ክር የሚያካክል ቀይ የደም ሥር ያለው ሆኖ ወጣ፤ የአርባ አራት ዓመት አስተማሪ ዓይን። ፎቶው ተዘጋጀ፤ አብሮት የምጽፈው ቃል ግን ጠፋኝ። አርባ ዓመት የሰው ዓይን ለሠሩ ሰው ዓይንዎ ደክሟል ብያለሁ። እጽፋለሁ፣ አጠፋለሁ።

«ላክህላቸው?» ትለኛለች እትዬ።

«እልካለሁ።»

«መላክ ነው እኮ፣ ተራራ መግፋት አደረግኸው።»

ሰኞ ጠዋት እስከ ትምህርት ቤቱ በር ሸኘኋት። በሩ ላይ ስትደርስ መነጽሯን አውልቃ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝና ዞር ሳትል ገባች። ተማሪዎች ዙሪያዋን ይተራመሳሉ። አንዲት ልጅ ቆማ አየቻትና ለጓደኛዋ በጆሮዋ አንድ ነገር ነገረቻት። እትዬ መንገዷን አልቀየረችም።

በምሳ ሰዓት ስትመጣ በሩን ከፍቼ እጠብቃት ነበር። ቦርሳዋን ወንበር ላይ ወረወረች። ልብሷ ጠመኔ በጠመኔ ሆኗል።

«እህስ?»

«ከፊት የተቀመጠው ለፍላፊ ገና ስገባ እጁን አወጣ። ‹ቲቸር፣ አዲሱ ግራው ነው አይደል?› አይለኝም!»

«ምን አልሽው?»

«አዎ አልኩት። ‹ያያል?› አለኝ። ‹ሞክረኝ› አልኩት።» ጫማዋን እያወለቀች ሳቀች። «የቤት ሥራ ሲገለብጡ ሁለት ያዝኩ። በቀኙ ነው ያየኋቸው፣ እነሱ ግን በግራው መስሏቸዋል። ከዚያ በኋላ ማን ይተንፍስ!»

እማዬ ሳህን እያቀረበች «እኔስ ግራው ያምርብሻል እያልኩ ነው» አለች።

ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ስሆን ጻፍኩ፦ «ጋሼ፣ ስህተቱ የእርስዎ አልነበረም። ካርዴ በበረኪና ታጥቦ ነበር፤ እኔም ሳላስተያይ አመንኩት። ስለ ዓይንዎ የተናገርኩትን ይቅር ይበሉኝ። ትክክለኛው ፎቶ ከዚህ ጋር አለ። እህቴ በሠሩላት ዓይን ዛሬ ክፍል ገብታለችና አይቸኩሉ፤ ሲመችዎ ብቻ።» አንዴ አነበብኩትና ላክሁት።

መልእክቱ መድረሱን ስልኬ ያሳያል። አሁን ተርሙ አልቋል፤ እትዬም የፈተና ወረቀቷን አርማ መልሳለች። ከሽማግሌው ግን መልስ አልመጣም።