ዋስ ያጣው መስታወት

የዲላ ሰው ስለ ገሪማ ሲያወራ፣ «ቁጣው ከመኪናው ቀድሞ ይደርሳል» ይላል። እውነት ነው። ሠላሳ ዓመት መሪ የጨበጠ ሰው ነው፤ ከሞተር ድምፅ በላይ ሲናገር ስለኖረ ዝግ ብሎ ማውራት የሚባለውን ነገር ረስቶታል። ልቡ ግን ክፉ አይደለም። ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ ልጆቼ፤ ከእንግዲህ የምታገኙት ሲቆጣ ነውና።

የዚያን ማክሰኞ ጠዋት ያስቆጣው አንድ ወረቀት ነበር። ወረቀቱ በኢንሹራንሱ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል፤ ከጠረጴዛው ወዲያ የካሣ ጉዳይ የሚያየው ፍሬዘር፣ ሸሚዙ የተተኮሰ ወጣት፣ እስክሪብቶ ይዞ ተቀምጧል።

«እዚህች ጋ ይፈርሙልኝ ጋሽ ገሪማ። መስታወቱ ገብቷል፣ ጋራዡም ጨርሻለሁ ብሏል። ፈርመው በሰላም ይሂዱ።»

«ምን ይላል ወረቀቱ?»

«መኪናዬን በሚገባ ተጠግኖ ተረክቤያለሁ፣ ከእንግዲህ በዚህ አደጋ የምጠይቀው ነገር የለም፣ ይላል።»

«ተጠግኖ!» አለ ገሪማ። ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች ሁሉ ቀና አሉ። «ዓይኑን አጥፍታችሁ ሰጥታችሁኝ ተጠግኖ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ገሪማና ታላቅ እህቱ ወርቂቱ ያላቸውን አዋጥተው የገዙት የጭነት መኪና እንደ ድሮዎቹ አይደለም። ከፊት መስታወቱ ጀርባ፣ ከላይ መሐል ላይ፣ የክብሪት ቤት የምታህል ካሜራ አለችው። መንገዱን ታያለች። ከፊት የቆመ ነገር ካለና ሹፌሩ ካላየው መጀመሪያ ትጮኻለች፤ ከዚያ ፍሬኑን ራሷ ትይዛለች። ገሪማ ይህን መጀመሪያ ሲነግሩት ስቆ ነበር። «ደግሞ ብላ ብላ እኔን መንዳት ልታስተምረኝ ነው?» አለ።

ሳቁን የተወው አምና ነው። ዱመርሶ የሚባለውን መንደር አልፎ ሲወርድ ጉሙ ወርዶ መንገዱን አልብሶት ነበር። ገሪማ መንገዱን በቃሉ ስለሚያውቀው ብዙም አልሰጋም። ድንገት ካሜራዋ ጮኸች፤ እግሩ ሳይደርስ ፍሬኑ ያዘ። ደረቱን ከመሪው አንስቶ ሲያይ፣ ከፓራውልቱ ሁለት ክንድ በማይሞላ ቦታ ላይ ሞተር ብስክሌት ወድቋል። አንድ ሰው ሚስቱን ከሥሩ ሊያወጣ ይጎትታል። ሴትየዋ እርጉዝ ነበረች። ገሪማ ወርዶ አነሳት፣ ጋቢናው ውስጥ አስቀምጦ ጤና ጣቢያ አደረሳት። ኋላ ደኅና ተገላገለች። እሱ ግን የልጁን ስም እንኳ ለመጠየቅ አልደፈረም። «ልረሳው የማልችለውን ነገር ላደርግ ነበር» ይል ነበር፣ ብቻውን ሲሆን።

ታዲያ ከሦስት ሳምንት በፊት ጪጩ አጠገብ፣ ጠጠር የጫነ ገልባጭ መኪና ከፊቱ ሲሄድ አንዲት ድንጋይ ከላዩ ዘለለች። መስታወቱን መታችው፤ ከዳር እስከ ዳር እንደ ሸረሪት ድር ሆነ። ገልባጩ አልቆመም። ትራፊክ ፖሊስ መጣ፣ አየ፣ ሪፖርት ጻፈ። ገሪማ ሙሉ ሽፋን ስለገባ ኢንሹራንሱ አላንገራገረም፤ መስታወቱን ከአዲስ አበባ አስመጥቶ በበፍቃዱ ጋራዥ አስገጠመለት። እስከዚህ ድረስ እግዜር ይስጣቸው።

ግን ካሜራዋ ከአሮጌው መስታወት ተነቅላ አዲሱ ላይ ስትለጠፍ ጥቂት እንኳ ዘንበል ካለች የምታየው መንገድ ሌላ ነው። በመሣሪያ ልኳን እንደገና ማስያዝ ያስፈልጋል። መኪናውን የሸጡለት ሰዎች በስልክ ነግረውታል፦ «ልኳ ሳይያዝ እንዳትተማመንባት፤ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ካለ አታይም ማለት ነው።»

ሰኞ ዕለት መኪናውን ሲረከብ ቀይ መብራት አላየም። ደስ አለው። ጋራዡን ሊወጣ ሲል ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን አቧራ በጣቱ ጠረግ ቢያደርግ አንድ የሚጎረብጥ ነገር ነካ። ጥቁር ፕላስተር ነው። ላጠው። ቀዩ መብራት ከሥሩ ቦግ ብሎ ይጠብቀው ነበር።

«በፍቃዱ!»

መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። «አቤት ጋሼ።»

«ይህ ምንድነው?»

«ፕላስተር ነው።»

«ፕላስተር መሆኑንማ አያለሁ!»

«መብራቷ እንዳትረብሽዎት ብዬ ነው። ዓይን ትወጋለች። ደግሞ ካሜራውን ሥራ ብሎ ያዘዘኝ የለም፤ መስታወት ግጠም አሉኝ፣ ገጠምኩ። የካሜራውን መሣሪያ እኔ ከየት አመጣለሁ? ድሮስ ያለሱ አይደል የነዳነው?»

«ድሮማ ሰውም ያለሱ ነው የገደልነው! ቁስሉን በጨርቅ ሸፍነህ ዳነ ትላለህ? ሐኪም ብትሆን ኖሮ ይሄኔ ስንቱን ቀብረን ነበር!»

ይኸው፤ ማክሰኞ ጠዋት ፍሬዘር ፊት ሲቆም ይህ ሁሉ ጉሮሮው ላይ ነበር።

«ጋሽ ገሪማ» አለ ፍሬዘር፣ «ውሉ የሚለው መስታወት ነው። ካሜራው መስታወት አይደለም፣ ኤሌክትሮኒክስ ነው። ልክ ማስያዙ፣ ካሊብሬሽኑ፣ ደግሞ ጥገና ሳይሆን አገልግሎት ነው።»

«ከመስታወቱ ጋር የነቀላት ማነው? እኔ ነኝ? ድንጋዩን እኔ ወረወርኩ?»

«ውሉን አንብበው ነው የፈረሙት።»

«በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ! እኔ ያነበብኩት ስሜን ብቻ ነው!»

«እባክዎ አይጩሁብኝ።»

«አልጮህኩም! ድምፄ ነው!»

ጥበቃው መጣና ክንዱን ይዞ በትሕትና አስወጣው። ደጅ ሳለ ስልኩ ጠራ። ከሬኮ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሲራክ ነው፤ በየዓመቱ ጭነቱን ለገሪማ የሚሰጥ የጣቢያው ኃላፊ።

«ገሪማ ወንድሜ፣ ቡናው ደርቋል፣ ተሸፍኗል። ሐሙስ ትጭናለህ አይደል?»

«መኪናው አልተስተካከለም።»

«በከተማው ሲያልፍ ያየው ሰው መስታወቱ አዲስ ነው አለኝ።»

«መስታወቱ አዲስ ነው! ዓይኑ ነው የጠፋው!»

«እንግዲህ ወንድሜ እኔ ዓይን አልጭንም። ሐሙስ ካልመጣህ ለሌላ እሰጣለሁ፤ እንዳትቀየመኝ።»

ገሪማ ወደ እህቱ ሱቅ ሄደ። ወርቂቱ ለቡና የሚሆን ጆንያና ገመድ ትሸጣለች። ጆንያው መሐል ተቀምጣ ሲገባ አየችው፤ የሆነውንም ከፊቱ አወቀች።

«ጮህክ?»

«ጮህኩ።»

«ሰሙህ?»

«ሰሙኝ።»

«ምን አሉ?»

«አስወጡኝ።»

«አዬ ጉድ! አንተ ስትጮህ ሰዉ የሚሰማው ጩኸትህን ነው፣ ነገርህ ግን እሆድህ ውስጥ ይቀራል። እስቲ ተቀመጥ። እነሱ የሚሉት መኪናው ድኗል ነው?»

«ድኗል ብለህ ፈርም ነው የሚሉት፣ እትዬ።»

«እነሱስ ይፈርማሉ?»

«ምኑን?»

«ድኗል ብለው ነዋ! ዕቁብ እንኳ የደረሰው ሰው ያለ ዋስ አይሰጠውም። ያ ልጅ ድኗል ካለ ዋስ ይሁንህ። እምቢ ካለ አልዳነም ማለት ነው፤ ምን ያደክምሃል?»

ገሪማ ተነስቶ፣ ፍርድ ቤቱ ደጅ ጃንጥላ ሥር ተቀምጦ ማመልከቻ ወደሚጽፈው ሰውዬ ሄደ።

ረቡዕ ጠዋት መኪናውን ኢንሹራንሱ ቢሮ ፊት አቆመና ገባ። ወርቂቱ ከኋላው ነበረች። ፍሬዘር ሲያያቸው ዓይኑ ጥበቃውን ፈለገ።

«ልፈርም መጣሁ» አለ ገሪማ፣ ቀስ ብሎ።

«ጎሽ፣ እንዲህ ይሻላል ጋሼ። ይኸው እስክሪብቶ።»

«እፈርማለሁ። አንተ ደግሞ ዋስ ሁነኝ።» ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

ፍሬዘር አነበበው። «እኔ ፍሬዘር፣ የዚህ መኪና ካሜራ በትክክል እንደሚሠራ አረጋግጣለሁ፤ ሳይሠራ ቀርቶ ሰው ቢጎዳ ከገሪማ እኩል ተጠያቂ ነኝ» ይላል። ሳቀ። ሌላ ሰው ግን አልሳቀም። ወረፋ ላይ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ አሳረፉና፣ «ምን ያስቅሃል ልጄ? ዋስ ነው የጠየቀህ» አሉት።

ዋስ ሁነኝ የተባለ ሰው ወይ ይሆናል፣ ወይ «አላምንህም» ይላል። መሐል የለውም። ፍሬዘርም የዚህ አገር ልጅ ነው፤ ይህን ያውቃል። ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

«እኔ ባለሙያ አይደለሁም ጋሽ ገሪማ። ካሜራውን አላየሁትም።»

«እኔስ ነኝ? እኔ ሹፌር ነኝ። ያላየኸውን አንተ አትፈርምም፣ እኔን ግን ፈርም ትለኛለህ!» ዝግ ያለው ድምፅ እዚህ ላይ አለቀ። «ነገ ጉም ውስጥ ሰው ብድጥ ይህ ወረቀት ምን ብሎ ይመሰክራል? ‹ገሪማ ራሱ ድኗል ብሎ ፈርሟል› ይላል! አስከሬኑ የእኔ፣ እስር ቤቱ የእኔ፤ እናንተ ግን ፋይላችሁ ተዘጋ! አንዲት እርጉዝ ሴት ከጎማዬ ሥር ልትገባ ሁለት ክንድ ቀርቷት ነበር፣ ትሰማለህ? ሁለት ክንድ! ያንን ሁለት ክንድ የሰጠኝ ይህ ኤሌክትሮኒክስ የምትለው ነው!»

ጥበቃው ብድግ አለ። ሽማግሌው ከዘራቸውን ዘርግተው፣ «ተው፣ ይናገር» አሉት።

የውስጠኛው በር ተከፈተና ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ ኤልቤቴል ወጣች። ማን እንደጮኸ አልጠየቀችም። ሁለቱን ወረቀቶች አንስታ አነበበች፣ ደገመቻቸው።

«ፍሬዘር፣ ይህንን ትፈርማለህ?»

«አልችልም።»

«እንግዲያው ያንንም እሳቸው አይፈርሙም።»

ስልክ ይዛ ገባች። ሐዋሳ ካለው የበላይ ቢሮ ጋር የተባባለችውን ከበሩ ውጭ የሰማው የለም፤ ቆይታ ወጥታ ግን ካሜራዋ ከመስታወቱ ጋር የተነቀለች ስለሆነ ወጪው የኢንሹራንሱ መሆኑን፣ ባለሙያም እንደሚላክ ነገረችው።

«መቼ?»

«በሚቀጥለው ማክሰኞ።»

«ጭነቴ ሐሙስ ነው!»

«ቀደም ብለው ቢነግሩን ኖሮ» ብላ ጀመረች። ገሪማ ሲያያት ግን አልጨረሰችውም።

ሐሙስ መጣ። እንግዲህ ሰው የሚፈተነው እንዲህ ባለው ቀን ነው። መንገዱ ደረቅ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ፤ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ። ሁለት ጊዜ ጋቢናው ውስጥ ገብቶ ሁለት ጊዜ ወረደ። ከሰዓት በኋላ የሬኮን ቡና የጫነ የሌላ ሰው መኪና በሱቁ ደጅ አለፈ። ገመዱ እንኳ ከወርቂቱ ሱቅ የተገዛ ነበር። ገሪማ ገልባጩን፣ ድንጋዩን፣ ፍሬዘርን፣ በፍቃዱን፣ ሲራክንም በየተራ ሰደበ። ወርቂቱ አላቋረጠችውም። ሲያበቃ፣ «ሐዋሳንም ጨምር» አለችው።

ማክሰኞ ሳምራ የምትባል ባለሙያ ላፕቶፕና ጥቁርና ነጭ አራት ማዕዘን የተሳለበት ትልቅ ሰሌዳ ይዛ መጣች። ደልዳላ ሜዳ ስጡኝ አለች። ዲላ ውስጥ ዳገት ስጡኝ ብትል ኖሮ በቀላሉ ባገኘች! ዞረው ዞረው የአንድ ቡና ማበጠሪያ ቤት የሲሚንቶ ማድረቂያ አገኙ። መኪናው እዚያ ቆመ። ፍሬዘርም ወረቀቱን ይዞ መጣ።

ሳምራ ሰሌዳዋን ተክላ ወደ መስታወቱ ቀና አለችና ቆመች።

«አባባ፣ ያ የተንጠለጠለው ምንድነው?»

«የቱ?»

«ከመስታወቱ ላይ ያለው ቀይ መጋረጃ። ዘርፉ ካሜራዋ ፊት ነው ያለው።»

የጋቢናው ጌጥ ነው፤ ቀይ ከፋይ፣ ወርቃማ ዘርፍ ያለው። መኪናው ሲገዛ ወርቂቱ በእጇ ሰፍታ የሰጠችው ነው። መስታወቱ ሲቀየር ተነቅሎ ነበር፤ ሰኞ ከጋራዡ ከመውጣቱ በፊት ገሪማ ራሱ መልሶ ሰቅሎታል።

«አየህ!» አለ ፍሬዘር።

«አንተ ዝም በል!» አለው ገሪማ።

«እሳቸው ትክክል ናቸው» አለች ሳምራ ለፍሬዘር። «ልኳ ጨርሶ አልተያዘም፣ እያየሁት ነው። ግን አባባ፣ እኔ ባስተካክላትም ይህ ከፊቷ እያለ አታይም።»

«በፊት ታይ ነበር! ዱመርሶ ላይ አይታለች!»

«በፊትማ መሐሉን ከፍቼ ነው የሰፋሁት!» ወርቂቱ ነጠላዋን ወገቧ ላይ እያሰረች መጣች። «ለካሜራዋ ብዬ፣ አንድ ስንዝር ያህል ክፍት ትቼ! አንተ ነህ ወደ ጎን ስበህ የሰቀልከው! ክፍቱን ወዲያ ዳር ወስደህ!»

ገሪማ አፉን ከፈተ። የሚቆጣው ሰው ፈለገ። በፍቃዱን አሰበ፤ በፍቃዱ አልነበረበትም። ፍሬዘርን አየው፤ ፍሬዘር ወረቀቱን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰማይ ሰማዩን ያያል። ወርቂቱ ግን ቆማ አልጠበቀችም፤ በስድሳ አራት ዓመቷ ጋቢናው ላይ ወጣች። ያንን ያማረ ከፋይ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች ፈታችው። እየፈታች የተናገረችውን ለእናንተ አልደግመውም።

ሳምራ አንድ ሰዓት ያህል ሠራች። ቀዩ መብራት ጠፋ። ፍሬዘር ወረቀቱን ይዞ ቀረብ ሲል ገሪማ በእጁ መለሰው። መኪናውን አስነስቶ እስከ ጪጩ ሄዶ ተመለሰ። ከዚያ ወረደ፣ እስክሪብቶውን ተቀበለ።

«አሁንስ ደስ አለዎት ጋሽ ገሪማ?»

«ደስ?» አለ ገሪማ። «ስምንት ቀን ቆሜ፣ ጭነቴን አጥቼ፣ በእህቴ ተሰድቤ! ደግሞ ደስ ይበለኝ?»

ፈረመም። አጥብቆ ስለያዘው እስክሪብቶው ወረቀቱን ቀደደው።