የደራሮ ዕለት የተነሳ ፎቶ

ጥር ሲገባ ሮሆቦትን ቁጭ ብላ ያያት ሰው የለም። ቁርሷን ባጃጅ ውስጥ ትበላለች፣ ፀጉሯን በሚኒባስ መስታወት ታስተካክላለች፣ ምንም ነገር ለጠየቃት ሰው «ከጥር በኋላ» ትላለች። እናቷ ጥርሳቸውን አሟቸው ሐኪም ቤት ውሰጂኝ ቢሏት የመለሰችላቸው ይህንኑ ነው። ሴትዮዋም የጥርስ ሕመም ቀጠሮ የሚቀበል ይመስልሻል ወይ ብለው ከጎረቤት ጋር ሄዱ።

እንደ እሷ ፎቶ ቤት ለሌለው፣ ካሜራውን በጀርባው አዝሎ በግሉ ለሚሠራ ሰው፣ ዲላ ውስጥ እንጀራው ያለው በዚህ ወር ነው። ሠርጉ በጥር፣ ደራሮው በጥር፣ የመዝሙር ኮንሰርቱ በጥር። በመሀል ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዛፍ ተደግፈው «ፖርትሬት አንሺን፣ ግን ቀጠን አድርጊን» ይሏታል። ሮሆቦት ለሁሉም መልሷ እሺ ነው። እምቢ ካለች ሥራው ለሌላ ይሄዳል፤ ሌላው ደግሞ፣ እሷን ካመናችሁ፣ ካሜራ አያያዝ እንኳ አያውቅም። እናም ከአንዱ ወደ ሌላው ትሮጣለች፤ ሠርጉ ላይ ሆና ስለ ኮንሰርቱ፣ ኮንሰርቱ ላይ ሆና ስለ ነገው ተማሪ ታስባለች። ቆማ እያለች እንኳ አንድ እግሯ ይንቀጠቀጣል።

የነገሩ መነሻ የደራሮ ዕለት ነው። ጌዴኦ ቡናውን ለቅሞ ሲጨርስ አምላኩን የሚያመሰግንበት፣ አዲስ ዓመቱንም የሚቀበልበት በዓል ነውና ከየወረዳው በአይሱዙ ተጭኖ የመጣው ሕዝብ ከተማዋን አጨናንቋት ነበር። ሮሆቦት ከጠዋት ጀምራ ከአንዱ ጨፋሪ ቡድን ወደ ሌላው ስትል ውላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሜዳው ዳር ሁለት ሽማግሌዎች ፊት ለፊት ቆመው አየች። ያ ሁሉ ሰው እየዘለለ እነሱ ዝም ብለው ቆመዋል። ወዲያው ቀጭኑ ሽማግሌ ሁለት እርምጃ ተራምደው የሌላውን አንገት አቀፉ። ሮሆቦት በአንድ ጉልበቷ በርከክ አለችና ሦስት ጊዜ አነሳች። «አገኘሁት» ብላ ለራሷ፣ ለመሄድ ብድግ አለች።

«ልጄ፣ አነሳኸን?» አሏት ወፈር ያሉት ሽማግሌ ዓይናቸውን በኮፍያቸው እየጠረጉ። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም፤ የቀረባቸው ሁሉ «አንተ» ነው።

እሳቸው አቶ ደግነት ይባላሉ፣ ከፍስሐ ገነት ነው የመጡት። ቀጭኑ ታናሽ ወንድማቸው አቶ ይርጋ ናቸው፣ የአሪቻ ሰው። አባታቸው በተወላቸው የቡና መሬት ድንበር ተጣልተው አሥራ አራት ዓመት ሰላም አልተባባሉም። የመሬቱስ ነገር ባልከፋ። ከሦስት ዓመት በፊት የአቶ ይርጋ ሚስት ሲሞቱ አቶ ደግነት ለቅሶ አልደረሱም። በእኛ አገር ወንድም ከወንድሙ ይካሰሳል፣ ይሰዳደባል፣ አጥር ይገፋፋል፤ ይህ ሁሉ በሽማግሌ ያልቃል። ለቅሶ አለመድረስ ግን ሽማግሌ የሚገባበት ነገር አይደለም። የዛሬው መገናኘት ያለ ሽማግሌ፣ ያለ ቀጠሮ፣ እንዲያው እግር ጥሏቸው የሆነ ነበር፤ በዚያ ግርግር የሚያውቃቸው ሰው አጠገባቸው አልነበረም።

አቶ ይርጋ ፎቶውን ቶሎ አድርሺልኝ ብለው ለመኗት። ሐዋሳ አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ፀሐይወርቅ የምትባል፤ እናቷ ስትቀበር አጎቷ በመቅረታቸው አንጀቷ እንዳረረ ነው። «በባዶ እጄ ታረቅን ብላት አታምነኝም። ፎቶውን ይዤ ነው የምሄደው። እስከዚያ ለማንም አልናገርም» አሉ። አቶ ደግነትም ለእሳቸው አንድ፣ ተለቅ ያለ፣ እንድታሳትምላቸው ነገሯትና ስልክ ቁጥር ተለዋወጡ። ሮሆቦት ነገውኑ ብላ ሮጠች።

ምሽቱን የመዝሙር ኮንሰርት ነበራት። ዘማሪዋ ልትገባ ሕዝቡ ብድግ ሲል ካሜራው ሚሞሪው ሞልቷል አላት። ቦርሳዋን በረበረች፣ አንድ ሚሞሪ እጇ ላይ ወጣ። ያለፈው ሳምንት ሠርግ ያለበት መሰላት፤ እሱን ደግሞ ላፕቶፗ ላይ ገልብጣዋለች። ፎርማት አደረገችውና ማንሳቷን ቀጠለች። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። ሮሆቦት ግን ማፍሰሷን ያወቀችው በሦስተኛው ቀን ነው፤ እሱንም ላፕቶፗ ፊት ተቀምጣ የሁለቱን ሽማግሌዎች ፎቶ ስትፈልግ፣ ስትፈልግ፤ ያጠፋችው ሚሞሪ የሠርጉ ሳይሆን የደራሮው ኖሯል።

ሚሞሪውን ይዛ ሙሐሲን ዘንድ ሄደች። ሙሐሲን ማተሚያ ቤት ያለው፣ የጠፋ ፎቶ በመመለስ የታወቀ፣ ዓለም ቢገለበጥ የማይቸኩል ሰው ነው። ግማሽ ቀን ታግሎ ከደራሮው ጥቂት አወጣላት፤ ጨፋሪዎች፣ አንድ አይሱዙ፣ ሳታውቃቸው ጠዋት ያነሳቻቸው አቶ ደግነት፣ ብቻቸውን ቆመው ኮፍያቸውን ይዘው። መተቃቀፉ ግን የለም። ላዩ ላይ የኮንሰርቱን አንሺበታለሽ፣ ከዚህ በላይ አይመጣም አላት።

ያኔውኑ ደውላ ብትናገር ምን ነበረበት? አልተናገረችም። አቶ ደግነት ሲደውሉ መብራት ጠፍቷል አለች። ደግመው ሲደውሉ ወረቀቱ ከሐዋሳ እየመጣ ነው አለች። ቢቆጧት ይቀላት ነበር፤ እሳቸው ግን «እሺ ልጄ፣ ጌታ ይባርክህ» ብለው ይዘጋሉ። ይርጋም እየጠበቀ ነው ይሏታል፣ ለመንገዱ ልብስ እንኳ አሳጥቧል። ይህን ከሰማች በኋላ ሥራ አልያዝላት አለ። ፍስሐ ገነት ለሠርግ ሄዳ፣ ዱላ የያዘ ሽማግሌ ባየች ቁጥር ሚዜዎቹ ጀርባ ትሸጎጣለች። ሙሽራዋ የት ሄድሽ እያለች በቬሎዋ ሥር ስትፈልጋት ዋለች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ስልኳ ጠራ።

«ልጄ፣ ይርጋ ዐረፈ» አሉ አቶ ደግነት።

ትናንት ደረቴን ብለው ጓሯቸው ውስጥ እንደወደቁ ቀርተዋል። አሁን አቶ ደግነት አሪቻ ናቸው፣ ከወንድማቸው አጥር ውጭ። ፀሐይወርቅ ከሐዋሳ ደርሳ፣ ለእናቴ ለቅሶ ያልደረሰ ሰው በአባቴ ቀብር ላይ አይቆምም ብላለች። ታርቀናል ቢሏት ማን አየ አለቻቸው። «ፎቶ አለ አልኳት። ቀብሩ ስምንት ሰዓት ነው። ይዘህልኝ ና» አሏትና ስልኩን ዘጉት።

የዚያን ቀን ተማሪዎች ቀጥረዋት ነበር። አልደወለችላቸውም። በሩጫ ሙሐሲን ዘንድ ገባችና ነገሩን አፈረጠችው። ሙሐሲን ኮምፒውተሩን ከፈተ። የሽማግሌው ፎቶ ከሚሞሪው የወጣው አለ፣ የሟቹ ደግሞ ስልክ ላይ ከተለቀቀው የቀብር ማስታወቂያ ይገኛል፤ ሁለቱን ላገናኛቸው፣ አንድ ሰዓት ይበቃኛል አላት። የሞተ አባትን ከሙሽራ ልጁ ጎን ሲያቆም የኖረ እጅ ነው፤ እናቶች እያለቀሱ ይመርቁታል እንጂ ማንም ነውር ብሎት አያውቅም። ደግሞስ ታርቀው የለም ወይ፣ እውነት የሆነ ነገር ነው አላት። ሮሆቦት ቆማ፣ ተቀምጣ፣ በሩ ድረስ ሄዳ ተመለሰች። አትመው አለችው።

ሚኒባሱ እስከ ይርጋጨፌ፣ ከዚያ ሞተር እስከ አሪቻ። በመንገድ ፖስታውን ከፍታ ሁለት ጊዜ አየችው። ሁለቱ ወንድማማቾች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቆመዋል፣ ከኋላቸው ደራሮ። እንከን የማይወጣለት ሥራ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚሉት እናቷ ትዝ አሏትና ፖስታውን ዘጋችው። ሞተረኛውን ፍጠን አለችው፤ ከዚህ በላይ ከፈጠነ የሚቀበሩት ሦስት እንደሚሆኑ ነገራት።

አሪቻ ስትደርስ ድንኳኑ ሞልቶ መዘምራን ይዘምራሉ። አቶ ደግነት ከአጥሩ ውጭ ብቻቸውን ቆመዋል፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ፀሐይ እየመታቸው። የሰፈሩ ሰዎች እንግባ ቢሏቸው የቤቱ ባለቤት ልጅቷ ናት፣ ካልፈቀደች አልገባም ብለዋል። ሮሆቦትን ሲያዩ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። በዚያው ቅጽበት ጥቁር የለበሰች ሴት ከድንኳኑ ወጥታ መጣች። ማልቀስ አድክሟታል፣ ዓይኗ ግን ቁርጥ ያለ ነው።

«ፎቶ አንሺዋ አንቺ ነሽ?»

ሮሆቦት እጇን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ፖስታው እጇ ላይ ነው። የአቶ ደግነትን የተዘረጉ እጆች አየች። ፎቶውን ሲያዩት የዚያን ቀኑ እንዳልሆነ ያውቃሉ፤ አውቀውም፣ የወንድማቸው አስከሬን እዚያ ተኝቶ፣ ከሮሆቦት ጋር አብረው ሊዋሹ ነው። እሷ የዋሸችው ሳያንስ እሳቸውን ልታስዋሽ ነው። ከዚህ ሁሉ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እግሯ መንቀጥቀጡን ተወ። እጇን ባዶውን አወጣችው።

«ፎቶው የለም» አለች። «አንስቻቸው ነበር። በዚያው ምሽት ሳላይ አጠፋሁት። ለአባባ መብራት ጠፋ፣ ወረቀት የለም እያልኩ የዋሸሁትም እኔ ነኝ። አባትሽም ፎቶውን ሲጠብቁ ነው ወዳንቺ ሳይመጡ የቀሩት። አሁንም በኮምፒውተር የተሠራ ፎቶ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። አላሳይሽም።»

መዝሙሩ ቀጥሏል። አቶ ደግነት እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። ፀሐይወርቅ አንድ እርምጃ ቀረበቻት፤ ሮሆቦት በጥፊ ብትመታኝ ደስ ባለኝ ብላ አሰበች።

«ማን ነው ቀድሞ ያቀፈው?» አለች ፀሐይወርቅ።

«አባትሽ። አጎትሽ ቆመው ነበር፣ አባትሽ ናቸው ሁለት እርምጃ ሄደው የተጠመጠሙባቸው።»

የሴትዮዋ ዓይን እንባ አቀረረ። አባቷ ቂም መያዝ የማይችል ሰው ነበር፤ አሥራ አራቱን ዓመትም የያዘው በግድ፣ ቤተሰቡ ያዝ ስላለው ነው፣ ከሁሉም በላይ እሷ ያዝ ስላለችው። ይህን ግን ለሮሆቦት በቃል አልነገረቻትም፤ አጥሩ ሥር ቆማ፣ «ቀድሞ የሚያቅፍማ እሱ ነው፣ እሱ ነው» እያለች አነባች እንጂ። ከዚያ በነጠላዋ ፊቷን ጠረገችና የአቶ ደግነትን ክንድ ያዘች።

«ይግቡ፣ አጎቴ» አለቻቸው።

ከወንድማቸው ሳጥን አጠገብ፣ ከዘመድ ሁሉ ፊት አስቀመጠቻቸው። ስምንት ሰዓት ሲሆን አፈር ከመለሱት የመጀመሪያው እሳቸው ነበሩ። ሮሆቦት ከሩቅ፣ ሕዝቡ ጀርባ ቆማ አየች። ካሜራዋን ከቦርሳዋ አላወጣችም።

ቀብሩ አልቆ ሰው ወደ ድንኳኑ ሲመለስ ሞተር ፍለጋ ወደ መንገዱ ወጣች። አቶ ደግነት ከኋላዋ ደረሱባት። ይቅርታ ልትጠይቃቸው አፏን ስትከፍት በእጃቸው ተወው አሏት።

«እኔ ፎቶውን ለምስክር ብዬ አልነበረም የፈለግሁት» አሉ። «ሲያቅፈኝ ፊቱ ከትከሻዬ በላይ ሆነ። እኔ አላየሁትም። አንተ ከሄድክ በኋላም ሰው አጋፍቶን፣ መኪናም ጠርቶን ተለያየን። አንተ ግን ከኋላዬ ነበርክ፣ ፊት ለፊቱ። ሲያቅፈኝ እንዴት ነበር ፊቱ?»

ሮሆቦት ልትመልስ አሰበች። ፀሐይዋ ከግራ ትመጣ ነበር፤ ይህን ታስታውሳለች። ከጀርባቸው ቢጫ ጃንጥላ የያዘ ሰው ቆሞ ፎቶውን እንዳያበላሽባት ወደ ቀኝ ፈቀቅ ብላለች። የሌንሱን ቁጥር፣ የብርሃኑን ልክ፣ ጉልበቷ ያረፈበትን ድንጋይ ሳይቀር ታስታውሳለች። ፊቱን ፈለገችው። መሀል ላይ ነበር፣ ጥርት ብሎ፣ ሦስት ጊዜ አንስታዋለች፤ እሷ ግን በትዝታዋ የላትም።

ይስቁ ነበር ብትላቸው ማን ያስተባብላታል? ሽማግሌው ያንን ይዘው ፍስሐ ገነት ይገቡ ነበር፣ ዕድሜ ልካቸውንም ይበቃቸው ነበር። ዓይናቸውን ከዓይኗ ሳይነቅሉ ይጠብቃሉ።

«አላየሁትም፣ አባባ» አለች።

 አቶ ደግነት ቁጣ የለባቸውም።

«እውነት ነው» አሉ፣ «ሥራ ላይ ነበርክ።»

ኮፍያቸውን አደረጉና ወደ ወንድማቸው ቤት ተመለሱ።