በጠራራ ፀሐይ የታወጀ መብረቅ

በአሜሪካ፣ በኔብራስካ ግዛት የገበሬዎች ትርዒት የጥበቃ ኃላፊዋ ሎርና ቪቴክ፣ ከመንግሥት የተላከውን ማስጠንቀቂያ ካነበበች ወዲህ ቆማም ተቀምጣም አላረፈችም። አሸባሪዎች ከሱቅ በሚገዙት ትንሽ ድሮን ሕዝብ በተሰበሰበበት ፈንጂ ሊጥሉ ይችላሉ ይላል። የትና መቼ ግን አይልም።

«የትና መቼ ካላለማ ምን እናድርግ?» አላት የትርዒቱ አዘጋጅ ክላይድ፣ የተጠበሰ በቆሎውን እየጋጠ። «ላሞቻችንን ሊያሸብሩ ነው?»

«አንተ ሳቅ። እኔን ግን ሰማዩ አላማረኝም።»

«እንደ መስታወት ጠርቶ?»

«እሱ ነው ያላማረኝ።»

ከሰዓት በኋላ ትራክተሮች ከባድ ጭነት የሚጎትቱበት ውድድር ተጀምሮ የተመልካቹ መቀመጫ ጢም ብሎ ሳለ፣ ከበቆሎው ማሳ በኩል አንድ ድሮን ብቅ አለ። ከሆዱ ሥር ጥቁር ከረጢት ተንጠልጥሏል። ሎርና ቀና ብላ አየችው። መትታ እንዳትጥለው ሕጉ አይፈቅድላትም፤ ቢፈቅድስ የሚወድቀው ሰው አናት ላይ ነው። «ቦምብ!» ብላ ብትጮህ ደግሞ ግርግሩ ራሱ ሰው ይፈጃል። የአገሯ ሰው ብዙ ሳይከራከር የሚታዘዘው ለአውሎ ነፋስና ለመብረቅ ብቻ እንደሆነ ታውቃለች። ማይክሮፎኑን ከአስተዋዋቂው ነጠቀች።

«ወገኖቼ፣ መብረቅ እየመጣ ነው። ቀስ ብላችሁ ወደ ከብቶቹ በረት ግቡ።»

«የምን መብረቅ? ላቤ እየተንቆረቆረ!» አለ አንድ ሽማግሌ። ግን እያጉረመረመ ተነሳ፤ ሌላውም ተከተለው።

የመጨረሻዋ እናት የልጇን ጋሪ እየገፋች በረቱ ስትደርስ፣ ድሮኑ ባዶው መቀመጫ ላይ ዝቅ አለ። ከረጢቱ ተፈታ። ሎርና ጆሮዋን ይዛ መሬት ላይ ተደፋች።

የዘነበው የጽጌረዳ አበባ ነበር።

ከርቲስ የሚባል ጎረምሳ መቆጣጠሪያውን እንደያዘ ከማሳው ውስጥ እየሮጠ መጣ። «ምን በደልኩሽ? ዳርላን አግቢኝ ልላት ነበር እኮ! የት አደረስሻት?»

«አሳማዎቹ ጋ ናት» አለችው፣ ከመሬት እየተነሳች። «ሂድና በአፍህ ጠይቃት፤ አፍ አለህ አይደል?»

ዳርላ እዚያው አሳማዎቹ መሃል እሺ አለችው። በረቱ በጭብጨባ ተናጋ። ክላይድ እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

«መብረቋ! ስምሽ ከዛሬ ጀምሮ መብረቋ ነው!»

ሎርናም ሳቀች። ከዚያ ከፀጉሯ ላይ አንድ የአበባ ቅጠል አንስታ አሳየችው።

«ክላይድ፣ ይሄ ልጅ ያሰበውን እዚህ ድረስ አምጥቶ ጥሏል። ማን አስቆመው?»

የክላይድ ሳቅ እዚያው ቆመ። በማግስቱ ውድድሩ ሲቀጥል ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ የትኛው ትራክተር እንዳሸነፈ ሳያውቁ ሲያንጋጥጡ ዋሉ።