የኤርጋሽ ጣሪያና አርባ ሁለቱ ወዳጆቹ

ኤርጋሽ በሕይወቱ ምክር ጠይቆ አያውቅም፤ ሲሰጥ ግን ቆጥቦ አያውቅም። ማርጊላን ውስጥ ከሐር ገበያው ጀርባ ባለው ሻይ ቤት፣ የእንጆሪው ዛፍ ጥላ የሚያርፍበት የእንጨት መደብ ላይ እግሩን አጣጥፎ ይቀመጥና፣ ቤት ያለውንም የሌለውንም ስለ ቤት አያያዝ ሲያስተምር ይውላል። የሚያከራየው ሁለት ክፍል ብቻ ነው። አነጋገሩን የሰማ ግን ግማሹ ከተማ የእሱ ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

«ተከራይ ያለው ሰው በር ቀለም አይቀባም» ይላል፣ አረንጓዴ ሻዩን እፍ እያለ። «ዛሬ በር ከቀባህለት ነገ መስኮት ይልሃል። ከነገ ወዲያ ደግሞ የሞቀ ውሃ።»

«ጣሪያው ካፈሰሰስ፣ ኤርጋሽ አካ?» ይለዋል አንዱ፣ እንደ ታላቅ ወንድም አክብሮ እየጠራ።

«መቼ ነው የሚያፈስሰው?»

«ዝናብ ሲዘንብ ነዋ!»

«ታዲያ ጣሪያው ምን አጠፋ? ዝናብ ሲዘንብ ብቻ የሚያፈስስ ጣሪያ ደህና ጣሪያ ነው። ሂድና ዝናቡን ምከረው።»

ሻይ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ለኤርጋሽ ደግሞ ሰው ከሳቀለት ነገሩ እውነት ሆነ ማለት ነው።

መስከረም አጋማሽ ላይ ግን የሚያፈስሰው ጣሪያ የራሱ ሆኖ ተገኘ። በመንገድ በኩል ያሉትን ሁለት ክፍሎች የተከራየችው ማቭሉዳ የሙሽራ ልብስ ሰፊ ናት። አራት የስፌት መኪናና አራት ሴት ሠራተኞች አሏት። ወሩ ሳይገባ ኪራይዋን ትከፍላለች፣ ደጁን ትጠርጋለች፣ አምፖል ቢቃጠል ራሷ ትቀይራለች። ሌሎቹ አከራዮች እሷን ሲያዩ ምራቃቸውን ይውጣሉ። የኤርጋሽ ጡረታ ለሻይ ቤቱ እንኳ ስለማይበቃ፣ ዳቦውም ጋዙም መብራቱም የሚገባው በማቭሉዳ ኪራይ ነው። እሷ ከወጣች የምክሩ ወንበርም አብሮ ይወጣል።

አንድ ጠዋት የልብስ መለኪያዋን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ግቢውን አቋርጣ መጣች።

«ኤርጋሽ አካ፣ ባለፈው ጸደይ ጣሪያው ሦስት ቦታ አፍስሶ ዣንጥላ ዘርግቼ ነው የሰፋሁት።»

«ዣንጥላው የማን ነበር?»

«የራሴ።»

«ጎበዝ! እንዲህ ነው ተከራይ!»

ማቭሉዳ አልሳቀችም። «አሁን አሥራ አንድ የሙሽራ ቀሚስ ሰቅያለሁ። ሐር መቼም ያውቁታል፣ አንድ ጠብታ ከነካው ካርታ ይስላል። የመጀመሪያዋ ጠብታ ቀሚስ ላይ ካረፈች እኔ የለሁም። ገበያው አጠገብ ቤት ታይቶልኛል። ኋላ አልነገርሽኝም እንዳይሉ።»

ሚስቱ ሳፉራ ይህን ሁሉ ከማጀት ሆና ሰምታለች። በአገሩ ልማድ ባሏን በስም አትጠራም፤ የምትጠራው ናማንጋን በተዳረችው ልጃቸው ስም ነው። «የዞሂዳ አባት፣ ቦቲርን ይጥሩት» አለችው። ቦቲር ሦስት ቤት አልፎ የሚኖር ጣሪያ ሠሪ ነው። መጣ፤ ወጣ፤ ወረደ፤ እጁን አራገፈና፣ «ከነዕቃው ሦስት ሚሊዮን ሶም፣ ሁለት ቀን» አለ።

«ሦስት ሚሊዮን! የምታድሰው ጣሪያውን ነው ወይስ ሰማዩን?»

«ሰማዩ ደህና ነው፣ ኤርጋሽ አካ። የተሰነጠቁት የጣሪያው የሲሚንቶ ሰሌዳዎች ናቸው።»

ቦቲር ከግቢው ሳይወጣ ኤርጋሽ ጭኑን ጠፈጠፈ። «ደቦ!» አለ። «ይኼ ሁሉ የሰፈር ወንድ እያለ ለሠራተኛ የሚከፍል ሰው ቤት ባይኖረው ይሻለዋል። አሥር ሰው፣ ግማሽ ቀን፣ በነጻ።»

«በነጻ?» አለች ሳፉራ። «ይበላሉ እኮ።»

«ቢበሉስ? ሰው አይደሉ እንዴ?»

«እሱን እኮ ነው የምልዎት። ሰው ናቸው።»

ኤርጋሽ የሰፈሩ ሽማግሌ ኑሪዲን ሐጂ ዘንድ ሄዶ፣ «ለአሥር ጠንካራ ሰው ይንገሩልኝ» አላቸው። ሐጂ ለማንም ቸር ናቸው፣ በተለይ የሌላ ሰው ምግብ ሲሆን። ዓርብ ከስግደት በኋላ ለመስጊዱ ሁሉ አወጁ። እሑድ ጠዋት በኤርጋሽ በር አርባ ሁለት ሰው ገባ።

ኤርጋሽ አራት ኪሎ ሥጋ ገዝቶ ነበር። አሥራ አምስተኛው ሰው ሲገባ ሌላ አራት ኪሎ አስመጣ። ሃያ አምስተኛው ሲገባ ከጎረቤት አንድ ሙክት በግ ገዛ፤ ጎረቤትየውም አጥሩን ተደግፎ የሚገባውን ሰው ሲቆጥር ስለነበር ዋጋውን በዚያው ልክ ጠራለት። ለዚህ ሁሉ ሰው ሚስት አታበስልም ተባለና ፓሎቭ፣ ማለት በሥጋና በካሮት የሚበስለውን ሩዝ፣ የሚሠራ ወጥ ቤት በገንዘብ ተጠራ። ብረት ድስቱ ግቢው መካከል ተጣደ፤ ካሮት በጆንያ፣ ሩዝ በጆንያ ገባ። የወጥ ቤቱ ዋጋ ሲነገረው ኤርጋሽ ቦቲርን አስታወሰ፤ ወዲያው ግን ረሳው።

«አንድ ነገር ልለምንዎት» አለች ሳፉራ ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ። «ጣሪያው ሳይከደን ፓሎቩ አይውጣ።»

«አንቺ ደቦ ታስተምሪኛለሽ?»

ሥራው ተጀመረ። ከአርባ ሁለቱ አሥራ አንዱ ጣሪያ ላይ ወጡ፤ የቀሩት ከታች ሆነው መከሩ። ኤርጋሽ ያን ያህል መካሪ በአንድ ግቢ አይቶ አያውቅም። «በግራ ጀምሩ!» «የለም፣ በቀኝ!» «የአያቴ ጣሪያ እኮ…» ማፍረሱ ግን ሁሉም የተካነበት ሙያ ሆኖ ተገኘ። ምስማሩ እንደ ጥርስ ተነቀለ፤ ከሲሚንቶ የተሠሩት አሮጌ ሰሌዳዎች ከእጅ ወደ እጅ ወረዱ። ቁችቃር የሚባል እንደ ዱቄት ጆንያ የከበደ ዳቦ ጋጋሪ ደግሞ፣ «እኔም ልርዳ!» ብሎ ወጣና ደህና በነበሩት ሠላሳ ሰሌዳዎች ላይ ሲራመድ አሥራ አራቱን ሰበረ። በሰበረ ቁጥር ከላይ ሆኖ፣ «ይኼኛው አርጅቶ ነበር!» እያለ ያጽናናል።

ቦቲር እንደ ግብዣ እንግዳ ሁለት ዳቦ በጨርቅ ጠቅልሎ መጥቶ የክብር ቦታው ላይ ተቀምጧል።

«ባለሙያው አንተ፣ አትወጣም እንዴ?» አለው ኤርጋሽ።

«ዛሬ የመጣሁት ጎረቤት ሆኜ ነው፣ ኤርጋሽ አካ። ጎረቤት ይበላል፣ ያመሰግናል። ጣሪያ የምወጣው ሠራተኛ ስሆን ነው።»

እኩለ ቀን ላይ ጣሪያ የሚባል ነገር አልቀረም። ማገሮቹ እንደ ተበላ ዓሣ አጥንት ተሰልፈው ቀሩ። ከታች ሆኖ ወደ ላይ ላየ ክፍሉ ውስጥ ሰማዩ ብቻ አለ፤ ሰፊ፣ ሰማያዊ፣ ኪራይ የማይከፍል ሰማይ። አንዲት እርግብ በአንዱ ማገር በኩል ገብታ በሌላው ወጣች። ማቭሉዳ ቀሚሶቹን በአንሶላ ሸፍና፣ እጇን አጣምራ ኤርጋሽን ታየዋለች።

ይኼኔ ወጥ ቤቱ በጭልፋው ድስቱን ደበደበ። «ሩዙ ደርሷል! አሁን ካልወጣ ገንፎ ይሆናል!»

ሳፉራ ከማጀቱ በር ሆና ራሷን ነቀነቀች። ኤርጋሽ ወደ እሷ አየ፣ ወደ ድስቱ አየ። የስቡ ሽታ ግቢውን ሞልቶታል፤ አርባ ሁለት ሰው ዓይን ዓይኑን እያየ ቆሟል። በስተርጅና፣ በበጉ ዋጋ፣ ለሰፈር ገንፎ አበላ ይባልለት? «አውጣው!» አለ።

በሉ። እንዴት ያለ አበላል ነበር! በየትሪው ዙሪያ አምስት አምስት ሆነው፣ የበጉን ላት እየተሻሙ፣ የኤርጋሽን እጅ እያመሰገኑ ጠረጉት። ከዚያ ሻይ መጣ። ከሻዩ በኋላ ኑሪዲን ሐጂ መዳፋቸውን ዘርግተው ቤቱን መረቁ፤ በረከት እንዲገባበት፣ እንግዳ እንዳያጣ፣ ጣሪያው ለልጅ ልጅ እንዲቆም። «አሚን» ብለው ፊታቸውን በእጃቸው ዳበሱ።

ኤርጋሽ ይኼኔ ነቃ። ለካ ምርቃቱን ረስቶታል። እጅ ፊት ላይ ካለፈ በኋላ ግብዣው አለቀ፤ ሰው ይነሣል፣ ይሄዳል፤ ቆይ ማለት ነውር ነው፣ መቆየትም ነውር ነው። አርባ ሁለቱም ብድግ አሉ።

«ኧረ ጣሪያው…» አለ ኤርጋሽ።

«በሌላ እሑድ እንመጣለን!» አለው ቁችቃር ትከሻውን እየመታ። «እንዲህ ከሆነማ በየእሑዱ ነው የምንመጣው!»

የመጨረሻው ሰው በሩን ሲዘጋ ከተራራው በኩል አንድ የጠቆረ ደመና ብቅ አለ፤ በዝግታ፣ ግብዣው ያመለጠው እንግዳ ይመስል። ማቭሉዳ መቀሷንና የክር ሳጥኗን በጨርቅ መቋጠር ጀመረች።

«ልጄ፣ ትንሽ ታገሺ» አለ ኤርጋሽ።

«ስንት ሰው በላ?»

«አርባ ሁለት።»

«ስንት ሰሌዳ ተመለሰ?»

ኤርጋሽ ጺሙን አሸ። ነፋሱ ተነሣ፤ አንሶላው ተርገበገበ። ያን ጊዜ ሳፉራ ከጉያዋ ቁልፍ አውጥታ የእንግዳ ክፍሉን ከፈተች። ያ ክፍል የቤቱ ኩራት ነው፤ ምንጣፉ፣ እስከ ጣሪያ የተደረደረው ብርድ ልብስ፣ መስታወት ቁም ሳጥኑ። የሚከፈተው ለሽማግሌ ብቻ ነው። ኤርጋሽ ራሱ በሠላሳ ዓመት ሁለቴ ተቀምጦበታል፣ ሁለቴውም ጫማውን አውልቆ፣ እየፈራ።

«እዚህ አስገቡ!» አለች ሳፉራ።

ሴቶቹ ቀሚሶቹን አቅፈው ሮጡ። ራስ የሌላቸው፣ እጅጌያቸው የሚወዛወዝ አሥራ አንድ ሙሽሮች የኤርጋሽን ግቢ አቋርጠው ሽሽት ነጎዱ። የመጨረሻዋ ደፉን ስትሻገር ዝናቡ ወረደ። አንድም ጠብታ ሐር ላይ አላረፈም። ማቭሉዳ ቀሚሶቹን አንድ በአንድ ገልብጣ አየችና የቋጠረችውን ፈታች።

«ጠብታ እስካልነካቸው ድረስ አልወጣም፤ ቃሌ ቃል ነው» አለች። «ኪራዩም ያው ነው።»

ኤርጋሽ እፎይ አለ። እፎይታው እስከ ምሽት ነበር የቆየው። ቀን ቀን ሙሽሮችና እናቶቻቸው ልብስ ሊለኩ ስለሚመጡ፣ ሳፉራ መኝታ ቤቱንም የመለኪያ ክፍል አደረገችው።

«እኔስ የት ልሁን?»

«ሴት ልጅ ልብሷን በምትቀይርበት ቤት ወንድ ምን ያደርጋል፣ የዞሂዳ አባት? በመንገድ በኩል ሁለት ክፍል ባዶ አለልዎት።»

እዚያው ገባ። ማገሩ ላይ ላስቲክ ወጠረ፤ ላስቲኩ ሦስት ቦታ ተቀደደ። አንድ ባልዲ ከራስጌው፣ አንድ ሳህን ከግርጌው አኑሮ አምስት ቀን ተኛ። ጋደም ብሎ በቀዳዳው ሲያይ ደመናዎቹ ያልፋሉ፤ አንዱ እንደ ቁችቃር ይወፍራል፣ አንዱ እንደ በጉ። በስድስተኛው ቀን ጠዋት ባልዲው ሞልቶ አንሶላው ላይ ፈሰሰ። ኤርጋሽ እርጥብ ቆቡን እንዳጠለቀ በሩን ከፍቶ በግቢው ጮኸ።

«ሰው አለ? ይኼ ጣሪያ እያፈሰሰ ነው እኮ!»

የስፌት መኪናዎቹ ጸጥ አሉ። ሳፉራ በእንግዳው ክፍል መስኮት ብቅ አለች።

«መቼ ነው የሚያፈስሰው፣ የዞሂዳ አባት?»

«ዝናብ ሲ…» ብሎ አፉን ያዘ። ዘግይቶ ነበር። አራቱ ሠራተኞች ጨርቃቸው ላይ ተደፉ፤ ሲስቁ መርፌው እንዳይወጋቸው አንዷ ሌላዋን ትገፋለች። ማቭሉዳ እንኳ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

«ይኼ ክፍል መቼም ብርሃኑ ጥሩ ነው» አለች ፊቷን ስትመልስ። «ምንጣፉም እግር አያበርድም።»

ይህ ነገር ኤርጋሽን ከዝናቡ በላይ አስደነገጠው። እንግዳ ክፍሉ አሥር ቀን ከቆየ የማቭሉዳ መሆኑ ነው፤ እሱ ደግሞ በገዛ ቤቱ ከማንም የባሰ ተከራይ። ጫማውን በቅጡ ሳያጠልቅ ተረከዙን እየረገጠ ሦስት ቤት አልፎ የቦቲርን በር መታ።

«ስንት ነው?» አለ፣ ሰላምታም ሳያስቀድም።

ቦቲር ቁርሱን እየበላ ነበር። ቀስ ብሎ አላመጠ። «ቀድሞ ሦስት ሚሊዮን ነበር። አሁን የተሰበሩ አሥራ አራት ሰሌዳዎች አሉ። የጎረቤቶችዎን ሥራ ማስተካከያም አለበት። አምስት።»

ከኤርጋሽ ቆብ ጫፍ የዝናብ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል።

«ዛሬ ትጀምራለህ?»

«አሁኑኑ። ምሳ በእርስዎ ነው?»

«ቦቲር» አለ ኤርጋሽ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ከፈለግህ ስድስት ሚሊዮን እሰጥሃለሁ። ምሳህን ግን ከቤትህ በልተህ ና!»