በቁሙ የተለቀሰለት

«አልቅሽ እንጂ ልጄ። አምቀሽ ብትይዥው ሆድሽ ውስጥ ገብቶ ይገድልሻል» አሉ አሮጊቷ ወለተ ኢየሱስ፣ የተናኜን ጀርባ እያሻሹ።

ተናኜ አንገቷን ደፍታ ሞከረች። ዓይኗን ጨፈነች፣ ከንፈሯን ነከሰች፤ እንባ የሚባል ጠብ አልል አላት። በጉዝጓዙ ላይ የተቀመጡት ሴቶች ደረታቸውን እየደቁ «ቢያዝን፣ ቢያዝን» እያሉ የማያውቁትን ሰው ይጠራሉ። ስሙ በተጠራ ቁጥር እሷን የሚይዛት ፍርሃት ነው። ባሏ መች ሞተና! ይኼኔ ደጋ ዳሞት ተራራ ላይ ጠመንጃውን ታቅፎ ቆሎ እየቆረጠመ ይሆናል።

«ምን ዓይነት አንጀት ነው ያላት?» አለች ከሴቶቹ አንዷ፣ አየለች፣ የምታንሾካሹክ መስላ፣ ግን ሁሉም እንዲሰማት አድርጋ። «እኔ ላሜ የሞተች ለት ከዚህ የበለጠ አልቅሻለሁ።»

«ድንጋጤ ነው፤ ተያት» አሉ ወለተ ኢየሱስ።

ነገሩን ያመጣው ራሱ ቢያዝን ነው። በ1960 ዓ.ም. ክረምት በግብር ሰበብ የተነሣው ውጊያ የፈረስ ቤትን መንደሮች ሲያዳርስ የእነሱም ቤት ተቃጠለ። ፍኖተ ሰላም ዳር መንግሥት አንድ ባዶ የእህል መጋዘን በጆንያ ከፋፍሎ፣ ለሸሸ ሰው አገር እስኪረጋጋ መጠለያ ይሰጣል ተባለ። ቢያዝን ሚስቱንና ሳል የያዛትን ሕፃን ልጁን ሸጋዬን ከተማው እስኪታይ ድረስ ሸኛቸው። ባሏ ጫካ የገባባት ሴት መጠለያው እንደማይፈቀድላት ሁለቱም ሰምተዋል።

«ሞቷል በያቸው» አላት።

«በስመ አብ! ምን ያለው ሟርት ነው!»

«ካለሁት ይልቅ የሞትኩት ይጠቅምሻል» ብሎ ሳቀ። ሳቂታ ነበር፤ በሠርጋቸው ቀን እንኳ ሳቁ አልቆም ብሎት ቄሱ ተቆጥተውታል። የልጁን ጉንጭ ሳመ፣ ጋቢውን አውልቆ በአዘለችበት ላይ ደረበላትና በዚያ ዝናብ በእጀ ጠባቡ ብቻ ተመለሰ።

«ሞቷል» አለች መጋዘኑ በር ላይ ለተቀመጠው ጸሐፊ፤ «ከቤቱ ጋር ተቃጥሎ።» ጸሐፊው ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት ጥግ ላይ ያለችውን ክፍል ሰጣት። እሷ በዚህ ያበቃ መስሏት ነበር። ሴቶቹ ግን ባሏ ሞቶ ለቅሶ ያልተቀመጠች ሴት አጠገባቸው እንደምታድር ሲሰሙ፣ የራሳቸውን መከራ ትተው ሣር አጭደው መጡ። ቄስ ጠርተው ፍትሐት አስደረሱለት። በቁሙ ላለ ሰው ፍትሐት! ተዉ እንዳትል፣ ማሚቱ የምትባል ሴት ባሏ በሕይወት መኖሩ ስለተሰማ ልጇን ይዛ ከመጋዘኑ እንድትወጣ መደረጓን ነግረዋታል። ሸጋዬ ደግሞ ሌሊቱን ስትስል ነው ያደረችው። አንድ ሌሊት ዝናብ ላይ ብታድር አትተርፍም። ስለዚህ ተናኜ ለቅሶዋን ተቀመጠች።

ከሰዓት በኋላ ዘበኛው ክንፈሚካኤል «እግዚአብሔር ያጥናሽ» ብሎ ገብቶ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ደግ ይመስላል፤ ግን ያየውን ሁሉ ለጸሐፊው ያቀብላል ይባላል። እሱ ከመቀመጡ ዝናብ የደበደበው አንድ ሰው ከኋላው ገባ። ፀጋው ነው፤ የቢያዝን ሚዜ፣ አብሮት ጫካ የገባው።

ተናኜ ዓይን ዓይኑን አየችው። «ደግሞ ቢያዝን መች ሞተ?» ካለ አለቀላት፤ እሷም ልጇም ዛሬውኑ ውጭ ናቸው። ፀጋው ግን ጉዝጓዙን አየ፣ አንገታቸውን የደፉትን ሴቶች አየ፣ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኖ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ እዚያው ተንበረከከ። ሴቶቹ አብረውት ጮኹ። ዘበኛው ሳይቀር ዓይኑን ጠረገ።

ተናኜ አምላኳን አመሰገነች። ምን ያለ ብልኅ ሰው ነው፣ ሳይነግሩት የገባው! እንዲህ አድርጎ ማልቀስስ ከየት ተማረ? ሰዎች ደግፈው አጠገቧ አስቀመጡት። በጩኸቱ መሃል ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «ደኅና ነው?» ልትለው ስትል ቀደማት።

«ማን ነገረሽ?» አላት በተዘጋ ድምፅ፣ እሷ ብቻ እንድትሰማው። «ትናንት ጠዋት ነው የቀበርነው። ከባዳ አፍ እንዳትሰሚው ብዬ ሳላርፍ ነው የመጣሁት። ማን ቀደመኝ?»

አልገባትም። ከዚያ ፊቱን አየችው፤ የሚያስመስል ሰው ፊት አይደለም።

ትጮኽ? ምን ብላ ትጮኻለች? እነዚህ ሴቶች የሚሉትን ሁሉ ብለው ጨርሰዋል፤ ፍትሐቱም ደርሷል፤ ለቢያዝን የቀረ ነገር የለም። በአፌ ገደልኩት፣ አለች በልቧ። እሱ እየሳቀ ያለውን እኔ ከምሬ ተናግሬ ገደልኩት። ከጆንያው ጀርባ ሸጋዬ ሳለች። ዘበኛው ወደ እነሱ ያያል። ተናኜ ጩኸቷን መልሳ ዋጠችው።

«ይኸው፣ ወንድሙ መጥቶ እንኳ አታለቅስም» አለች አየለች።

ተናኜ የፀጋውን እጅ ሳብ አድርጋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ጥፍሮቹ ሥር ዝናቡ ያላጠበው የትናንቱ አፈር አለ። ጣት በጣት፣ እንዳያመው ቀስ እያለች በጥፍሯ ፈለቀቀችው። የወጣውን ነጠላዋ ጫፍ ላይ አጠራቀመችና ጠበቅ አድርጋ ቋጠረችው።