ከ«ስለዚህ» በፊት የጎደለችው

አራሚዋ በመጽሔቱ ቢሮ መስኮት ሥር ተቀምጣ የገዛ ወንድሟን ጽሑፍ ስታርም ሦስተኛው ገጽ ላይ እርሳሷ ቆመ። ወንድሟ የሥነ ጽሑፍ መምህር ነው፤ ብዕሩ ስለታም ነው፣ ተው ባይ ግን የለውም። በዚህ ወር የተነሳው በአንድ ጡረታ የወጡ ፖስተኛ ላይ ነበር። «ሰውየው በዚያ ክፉ ዘመን አርባ ግጥም አሳተመ» ይላል። «አርባውም ስለ ዝናብና ስለ መንገድ ነው። ስለዚህ ከገዢዎቹ ጋር ነበር።»

ደጋግማ አነበበችው። ሰዋስዉ እንከን የለውም። ሆኖም ከ«ስለዚህ» በፊት የሆነ ነገር ጎደላት። ኅዳጉ ላይ የጥያቄ ምልክት አኖረች።

ከሰዓት በኋላ ወንድሟ ከትምህርት ቤት በቀጥታ መጣ፤ እጅጌው ጠመኔ በጠመኔ ሆኗል።

«ምንድን ነው ይሄ? ፊደል ገደፍኩ እንዴ?»

«ፊደል አይደለም ጋሼ። አንድ ዓረፍተ ነገር ዘለሃል።»

«የቷን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ያሰብካት አንተ። ከዝናቡ ተነስተህ ገዢዎቹ ጋ የደረስከው በምን ተሻግረህ ነው?»

«ግልጽ አይደል እንዴ! ዝም ያለ ሁሉ ደጋፊ ነው።»

«በል እሷን ጻፋት። እኔም ነጥቧን አስተካክዬ አሳልፋታለሁ።»

ብዕሩን አወጣ። «ዝም ያለ» ብሎ ጻፈና ቀና አለ። አባታቸው በዚያው ዘመን ማተሚያ ቤት ውስጥ የብረት ፊደል እየለቀሙ ገጽ የሚደረድሩ ፊደል ለቃሚ ነበሩ። የገዢዎቹን ንግግር ሲለቅሙ ውለው ቤት ይገባሉ፤ ስለዚያ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ኖረው ሞቱ። ወንድምና እህት ስማቸውን አላነሱም። መምህሩ ብዕሩን ከደነ።

«አንቺም ብትሆኚ» አለ ለስለስ ብሎ፣ «ዝም ያለ ሁሉ ንጹሕ ነው ብለሽ ነው የያዝሽኝ። እሷንም የጻፋት የለም።»

እውነቱን ነው። አባቷን ብላ የማታውቃቸውን ሰው ነጻ ልታወጣ ነበር።

«ለምን ፖስተኛውን ራሳቸውን አንጠይቃቸውም?» አለች።

ደወሉ። መምህሩ በዚያ ዘመን ስለ ገዢዎቹ አንዲት መስመር ያልጻፉት ለምን እንደሆነ ጠየቀ። ፖስተኛው ሳቁ።

«ፈርቼ ነዋ ልጄ! የሚበሉ ልጆች ነበሩኝ። ዝናቡን ግን ፈርቼ አልጻፍኩትም፤ ሃያ ዓመት ደብዳቤ ሳድል ጫማዬንም እግሬንም ያበሰበሰ ዝናብ ነው፣ እሱን ትቼ ማንን ልጻፍ? የውዳሴ ግጥም አምጣ ሲሉኝ አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ጀግንነት ይሁን ፍርሃት እናንተው እወቁት።»

ጽሑፉ አንድ ወር ዘግይቶ ወጣ። «ስለዚህ» የለም። መምህሩ የራሱንም የእህቱንም ድብቅ ሐሳብ ቁልጭ አድርጎ ጻፈ፤ የትኛዋን እንደሚያምን ገና እንዳልቆረጠም አልደበቀም። መጽሔቱን ይዞ ራሱ ፖስተኛው ቤት ሄደ፣ እስኪመሽም ቆየ። በማግስቱ እህቱ ምን እንዳወሩ ብትጠይቀው፣ «ስለ ጫማ» አላት።