ዶክተሩ ያላነበቡት ደብዳቤ

ሻንጣዋ አንድ ናት። ቡናማ ናት፣ አራት ጎማ አላት፣ ከሳሎኑ ቁም ሳጥን አናት ላይ ላስቲኳ ሳይገፈፍ ስድስት ዓመት ተቀምጣለች። እናትየዋ ገዝታ ያመጣቻት ቀን ሁለቱን ልጆች ፊቷ አቁማ፣ "ይቺ ቀድማ ውጭ አገር ለሄደች ናት" አለች። አንደኛዋ የገዛ ልጇ ናት፤ ሁለተኛዋ የሟች እህቷ ልጅ። ሁለት ልጅ ባለበት ቤት አንድ ሻንጣ መግዛት ምን የሚሉት ብልሃት እንደሆነ እናትየዋ ትወቀው። ልጇ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳሎን በገባች ቁጥር መጀመሪያ የምታየው የተቀመጠውን ሰው ሳይሆን የቁም ሳጥኑን አናት ሆነ።

አሁን ሁለቱም ዩኒቨርሲቲ አራተኛ ዓመት ደርሰዋል፤ አንድ ትምህርት ክፍል፣ አንድ መኝታ ክፍል፣ ትይዩ አልጋ። ልጅየዋን ግቢው ሁሉ "ደብዳቤ" ይላታል፤ የአክስቷን ልጅ ደግሞ "ካርቶን"። ሁለቱም ስማቸውን ሠርተው ነው ያገኙት።

ካርቶን ያለፈ ዓመት የፈተና ወረቀት ከየቢሮው እየለቀመች በባልዲ ትዘፈዝፋለች፣ ትፈጫለች፣ ራሷ በበየደችው መጫኛ ቅርጽ ታስይዘዋለች፤ ሲደርቅ የእንቁላል መያዣ ይሆናል። ስንቱ ተማሪ ያለቀሰበት ኤፍ ሠላሳ እንቁላል ታቅፎ ገበያ ወጥቷል። ክፍላቸው ዓመቱን ሙሉ እርጥብ ወረቀት እንደሸተተ ነው፤ ደብዳቤ ጠዋት ተነስታ መጀመሪያ የሚገጥማት ባልዲ ነው።

የደብዳቤ ሙያ ደግሞ ከትምህርት ክፍሉ ኃላፊ የተወለደ ነው። ዶክተሩ ደግ ሰው ናቸው፤ ደግነታቸው ግን ጊዜ የለውም። ሦስት መቶ ተማሪ ያስተምራሉ፣ የማያልቅ ስብሰባ ይሰበሰባሉ፤ የድጋፍ ደብዳቤ ለሚለምናቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ "ጽፈሽ አምጪ፣ እፈርማለሁ።" ተማሪ ደግሞ ራሱን ማመስገን ያፍራል፤ የማያፍረውም አይችልበትም። ስለዚህ ሁሉም ወደ ደብዳቤ ይሮጣል። እሷም "በማስተማር ዘመኔ ካገኘኋቸው ተማሪዎች ሁሉ ቀዳሚዋ ናት" ብላ ትጀምራለች፤ ታታሪ፣ ብሩህ፣ ባለ ራእይ ትላለች፤ ዶክተሩ ስልክ እያወሩ ይፈርማሉ፣ ጸሐፊያቸው ማኅተም ትመታለች፣ ፖስታው ይታሸጋል። በእሷ ቆጠራ ዶክተሩ እስከ ዛሬ ድረስ አርባ ሦስት ቀዳሚ ተማሪዎች አሏቸው።

በሁለተኛው መንፈቅ መጀመሪያ ላይ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ወረቀት ተለጠፈ። የንግድ ሐሳብ ላለው ተማሪ አንድ ዓመት ውጭ አገር ትምህርት፣ ወርክሾፕ፣ አማካሪ፣ ሲመለስ መነሻ መሣሪያ፤ ከዚህ ግቢ የሚወሰደው ግን አንድ ሰው ብቻ። ደብዳቤ አነበበችው፤ ደግማ አነበበችው። ሻንጣዋ ታየቻት።

የእሷ ሐሳብ ሥራ ፈላጊንና ቀጣሪን በስልክ የሚያገናኝ መተግበሪያ ነው። አርባ ገጽ ዕቅድ አላት፣ ባለ ቀለም ሥዕላዊ መግለጫ አላት፣ የአምስት ዓመት ትንበያ አላት። መተግበሪያው ራሱ ግን የለም። አንድም ሥራ ፈላጊ አንድም ቀጣሪ አነጋግራ አታውቅም። የካርቶን ዕቅድ ስድስት ገጽ ነው፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ ውሃ ፈሶበታል።

ታዲያ እንዲህ ከሆነ ምን አስፈራት? የፈራችውን ታውቀዋለች። ከልጅነቷ ጀምሮ የቤቱ ዘፈን "እስቲ እሷን እያት" ነው። ካርቶን ቧንቧ ስትጠግን "እስቲ እሷን እያት፣ እጇ አይቦዝን"፤ ካርቶን ወድቃ ስትነሳ እንኳን "እስቲ እሷን እያት፣ አታለቅስም።" እናትየዋ ይህን የምትለው እናት የሌላት ልጅ እንዳይከፋት ብላ ነው፤ ደብዳቤም ይገባታል። መግባቱ ግን አንጀቷን ከማረር አላዳነውም። ያላትን እናት ለእናት አልባዋ ስታካፍል ኖራ፣ ድርሻዋ የትኛው እንደሆነ ጠፍቷታል።

በዚያው ሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ካርቶን እጇ እስከ ክርኗ በወረቀት ሊጥ ነጥቶ ገባች።

"አንቺ፣ ዶክተሩ ያው 'ጽፈሽ አምጪ' አሉኝ" አለች።

"እና?"

"እና ምን፣ ጻፊልኛ። እኔ ስጽፍ ታውቂኝ የለ? ማመልከቻ ልጽፍ ተቀምጬ ይቅርታ መጠየቂያ ይሆንብኛል።"

"እኔም እኮ እየተወዳደርኩ ነው።"

"አውቃለሁ" አለች ካርቶን እጇን በፎጣ እየጠረገች። "ለዚህ ነው ሌላ ሰው ያልጠየቅኩት። አንቺ ታውቂኛለሽ።"

ፎጣው የደብዳቤ ነበር።

ደብዳቤ ቤተ መጻሕፍት ገብታ መስኮት ዳር ተቀመጠች። የራሷን ከትናንት ወዲያ ጨርሳዋለች፤ ቀዳሚ፣ ታታሪ፣ ብሩህ፣ ባለ ራእይ፣ አንዱም አልቀረም። አሁን ለካርቶን ያንኑ ልትገለብጥላት ጀመረችና "ቀዳሚዋ" የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ እጇ እምቢ አለ። ከእናቷ አፍ ስትሰማው የኖረችውን በገዛ እጇ ጽፋ፣ ማኅተም አስመትታ? ሞቼ ነው ቆሜ አለች በሆዷ።

ደግሞም መዋሸት አያስፈልጋትም። እውነቱ ይበቃል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ዐይኗን ከካርቶን ላይ ነቅላ አታውቅም፤ ጉድለቷን እንደሆነ በጣቷ ቆጥራ፣ በቀን ለይታ ታውቀዋለች። ብዕሩ እንደዚያን ቀን ቀልሏት አያውቅም።

"ይህች ተማሪ መጫኛ ማሽኗን ስድስት ጊዜ አበላሽታለች" ብላ ጻፈች። "ሰባተኛው ከስድስተኛው ብዙም አይሻልም። የትምህርት ክፍሉን ማድረቂያ ምድጃ አቃጥላለች፤ ሁለት ሳምንት ፈታትታ ራሷ ጠግናዋለች፤ ከዚያ ወዲህ በሩ ሲዘጋ ይጮኻል። መምህር አቋርጣ ትጠይቃለች፤ መልሱ ካልገባት ደግማ ትጠይቃለች፤ ሰው ይሰለቻል ብላ አታስብም። ጽሑፏ ግድፈት አያጣውም። መጀመሪያ ያስረከበቻቸው መያዣዎች በደንብ ስላልደረቁ የአንዲት ዶሮ አርቢ መቶ ሃያ እንቁላል ተሰብሯል። የምትክስበት ነገር ስላልነበራት ሦስት ቀን የሴትየዋን የዶሮ ቤት ጠርጋለች። በአራተኛው ቀን አዲስ መያዣ ይዛ እዚያው በር ላይ ቆመች። እምቢ ሲሏት አይገባትም።"

አንብባ ስትጨርስ ጉንጯ ግሏል። ያለ ውሸት ሰው መግደል እንዲህ ነው አለች። ትንሽ አፈረች፤ ብዙ ደስ አላት።

ዶክተሩ ቢሮ ስትገባ ስልኩን በትከሻቸውና በጆሯቸው መሐል ወሽቀው ከአንድ ሰው ጋር ስለ ወንበር ግዢ ይከራከሩ ነበር። ዘጠኝ ወረቀት ፊታቸው ደረደረች፤ የስምንቱ ተማሪዎችና የካርቶን። የራሷም ከስምንቱ አንዱ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው ፈረሙ። የካርቶን ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

"ይቺ ቀለም አልቆባታል" አሉ። ሌላ እስክሪብቶ ሰጠቻቸው። ፈረሙ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ለቃለ መጠይቅ የተጠሩት ሦስት ሰዎች ስም ተለጠፈ። ደብዳቤ ስሟን ከላይ ወደ ታች ፈለገች፣ ከታች ወደ ላይ ፈለገች፤ ሦስት ስም ውስጥ የሚጠፋ ነገር ያለ ይመስል በጣቷም ፈለገች። የለችም። ከሦስቱ ሁለቱ የሌላ ትምህርት ክፍል ልጆች ናቸው፤ አንዷ ካርቶን ናት። ያን ቀን ምሳ ሳትበላ ዋለች፤ ሰው ሲጠይቃት ራስ ምታት አለች። ራስ ምታት ሳይሆን ቅናት ነበር፤ የሚያመው ግን ደረት ላይ ነው።

ካርቶን ቃለ መጠይቁን ሄደች፣ መጣች፣ ምንም አልተናገረችም። በሳምንቱ አለፈች ተባለ።

ወሬውን የሰማችው ኮሪደር ላይ ከዶክተሩ ነው። ከሩቅ እጃቸውን ዘርግተው መጡ፤ ፊታቸው በርቷል።

"የኔ ልጅ፣ ሰዎቹ እኮ ደውለው አመሰገኑኝ! እንዲህ ያለ ደብዳቤ አይተን አናውቅም አሉ። ተማሪውን ቀርቦ የሚያውቅ መምህር ብርቅ ነው አሉኝ።" ዝቅ ብለው ድምፃቸውን ቀነሱ። "ምን ብዬ ነው የጻፍኩት? ቅጂው ካለሽ ስጪኝ እስቲ፣ ላንብበው።"

ደብዳቤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለች። እሰጥዎታለሁ አለች መሰለኝ፤ እግሯ ወደ ክፍሏ እንዴት እንዳደረሳት አታውቅም።

ካርቶን አልጋዋ ላይ ተቀምጣ የእንቁላል መያዣ ጠርዝ በመቀስ ታስተካክላለች። ቀና አላለችም።

"ሰማሽ?" አለች።

"ሰማሁ። እንኳን ደስ ያለሽ።"

"ገና ስገባ አንዷ ፈታኝ ምን አለችኝ መሰለሽ፤ 'ከመምህርሽ ዘጠኝ ደብዳቤ መጥቶልናል፤ በስምንቱ ስምንት ቀዳሚ ተማሪ አላቸው፣ ቃሉ እንኳን አይለያይም። ያንቺን ግን ልናነብልሽ እንፈልጋለን' አለችና አነበበችልኝ። ምድጃው፣ እንቁላሉ፣ ሁሉም። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ቀረሁ። ስትጨርስ፣ 'አሁን ማሽኑ ስንተኛ ነው?' አለችኝ። 'አስራ አንደኛ' አልኳት። ከዚያ በኋላ የጠየቁኝ ሁሉ ስለ ማሽኑ ነው።"

ደብዳቤ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

"ዶክተሩ የኔን ስም ከሌላ ሰው ስም አይለዩም" አለች ካርቶን። "የዶሮ ቤት መጥረጌን ደግሞ የነገርኩት ላንድ ሰው ነው። ለማንም አልናገርም ብለሽ ምለሽልኝ ነበር።"

አሁን መካድ ይቻላል። ለቀልድ ነው፣ ለየት እንዲልልሽ ብዬ ነው ማለት ይቻላል። ደብዳቤ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"እንድትወድቂ ብዬ ነው።"

መቀሱ ቆመ። ከውጭ የሚጫወቱ ልጆች ኳስ ግድግዳውን ሲመታ ይሰማል።

"ምቀኛ አታሳጣኝ አሉ" አለች ካርቶን በመጨረሻ፤ ሳቅ ሞከራትና ከግማሽ ተመለሰ፤ ዐይኗ ውሃ ሞልቷል። "ተናድጄብሻለሁ። እንዳትሳሳቺ፣ በጣም ተናድጄብሻለሁ። ግን እስቲ ንገሪኝ፣ ያንቺን ማን ጻፈው?"

"ራሴ።"

"ታዲያ ስለ ራስሽ እንዲህ የምታውቂው አንድ ነገር እንኳን ጠፋ?"

ደብዳቤ አሰበች። እንደ እውነቱ ጠፍቶባታል። አርባ ገጿን በሐሳቧ ገለበጠችው፤ የተቃጠለ ነገር የለም፣ የተሰበረ ነገር የለም፣ የጠረገችው ቤት የለም። ዐይኗ ሌላ ሰው ላይ ውሎ እያመሸ፣ የራሷ ቤት ባዶውን ከርሟል።

የመሄጃው ዋዜማ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሁለቱም ቤት ናቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ የተነጋገሩት "ቁልፉ የት አለ" ያህል ብቻ ነው። እናትየዋ ወንበር ላይ ወጥታ ሻንጣዋን ራሷ አወረደች፤ አቧራውን ጠርጋ ላስቲኩን ስትገፍፈው የተንጫጫው ድምፅ የደብዳቤን ጥርስ አሳከከው። ካርቶን ልብሷን ልታመጣ ወደ ውስጥ ስትገባ እናትየዋ ልጇን እጇን ይዛ ሳበቻት፤ ጉንጯን በሁለት መዳፏ ያዘች።

"ነገረችኝ" አለች።

ደብዳቤ ፊቷን ልታላቅቅ ሞከረች። "ምን?"

"ያንን ደብዳቤ የጻፍሽላት አንቺ ነሽ አሉ። እሱ ባይሆን አላልፍም ነበር አለችኝ። ሌላ ሰው እንደዚያ አድርጎ አያውቀኝም አለች።" እናትየዋ ጉንጯን አልለቀቀችም። "እኔ እኮ የኔ ልጅ፣ ትቀናባት ይሆን ብዬ ስሰጋ ነው የኖርኩት። ሌሊት እንቅልፍ የማጣበት ጊዜ ነበር። አፈርኩ፤ ልጄን በመጠርጠሬ አፈርኩ። እንዳንቺ ያለች ልጅ የት አለች?"

ደብዳቤ ይህን ቃል ለመስማት ሃያ ሁለት ዓመት ጠብቃለች። አሁን መጣላትና የምታስቀምጥበት ቦታ አጣች። እውነቱን ልትናገር ፈለገች፤ የእናቷን ዐይን ስታይ አልቻለችም። በእናቷ ትከሻ አሻግራ ስታይ ካርቶን የመኝታ ቤቱ በር ላይ ልብስ ታቅፋ ቆማለች፤ ሁሉንም ሰምታለች። ራሷን በዝግታ ነቀነቀች፤ ተይው እንደማለት።

"እሺ እማዬ" አለች ደብዳቤ፤ ሌላ የሚባል አልነበረም።

ካርቶን ልብሷን፣ መጽሐፏን፣ በጨርቅ የጠቀለለቻቸውን ሦስት የእንቁላል መያዣዎች ሁሉ ሻንጣዋ ውስጥ ጠቀጠቀች። ክዳኑ ሁለት ጣት ቀርቶት እምቢ አለ። በጉልበቷ ተጫነችው፤ ዚፑ ግማሽ ድረስ ሄዶ ቆመ።

"ነይ እንጂ" አለች ዞር ሳትል። "ቁጭ በይበት።"

ደብዳቤ መጣች። ስድስት ዓመት ከታች ስታያት የኖረችው ሻንጣ ላይ ወጥታ ሙሉ ክብደቷን ጥላ ተቀመጠችባት። ካርቶን ዚፑን ዙሪያውን እየሳበች፣ በእግሯ ሥር እያለፈች፣ እስከ መጨረሻው ዘጋችው።